ታንኳውን ተዉት፤ ነፋሱን ንገሩን

«ባሕር ዳር» የሚል ጽሑፍ ባለበት ሁሉ ታንኳ አለች። በሆቴል ግድግዳ ላይ አለች፤ በካላንደር ላይ አለች፤ በጉባኤ ባነር ላይ አለች፤ በሠርግ ቪዲዮ ውስጥም አለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ሰው በደንገል ታንኳው ላይ ተቀምጦ መቅዘፊያውን ከፍ አድርጓል፤ ውኃው ወርቅ መስሏል። ፎቶው ያምራል። ይህን ማንም አይክድም።

አሁን ፎቶውን ደግማችሁ እዩት። ሰውየው ለፎቶ አልወጣም። የያዘውን ሸጦ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። መሽቶበታል። ላይፍ ጃኬት አልለበሰም። ከኋላው የሚከተል አጃቢ ጀልባ የለም። ዛሬ ማታ ሐይቁ ላይ ምን ዓይነት ነፋስ እንደሚነሣ የነገረው መሥሪያ ቤት የለም። እኛ «ዋው፣ ባሕር ዳር!» ብለን የምንለጥፈው ምስል ለእሱ የቀኑ አደገኛ ሰዓት ነው።

ሐይቁ ሰው በወሰደ ቁጥር ከተማችን ውስጥ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው «ይሄ ኋላ ቀር ነገር ከሐይቁ ይውጣልን፤ በዚህ ዘመን ሣር ላይ ተቀምጦ ሐይቅ ማቋረጥ ምን ማለት ነው?» ይላል። ሁለተኛው «ታንኳ ቅርሳችን ናት፣ ማንነታችን ናት፣ እንዳትነኳት» ይላል። ሁለቱ ሲከራከሩ አንድ ሳምንት ያልፋል፤ ከዚያ ሁሉም ይረሳል።

የእኔ ክርክር ከሁለቱም ጋር ነው። አንደኛው ጥፋቱን ሁሉ በታንኳዋ ላይ ይለጥፋል። ሁለተኛው ታንኳዋን አቅፎ ቀዛፊውን ይረሳል። ሰው ሐይቁ ላይ የሚሞተው ታንኳ ስለተሳፈረ ብቻ አይደለም። ነፋስ በሚነሣበት ሰዓት ሐይቁ መሃል እንዲገኝ የሚያስገድዱት ነገሮች ስላሉ ነው። እነዚያ ነገሮች ደግሞ አብዛኞቹ የሰው ሥራ ናቸው፤ ሰው ሊለውጣቸው ይችላል።

እስቲ ከሐይቁ እንጀምር።

ጣና ኩሬ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከደቡብ ወደ ሰሜን ርዝመቱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን የስፋቱን ያህል አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው «ጥልቀቱ ትንሽ ከሆነ አደጋውም ትንሽ ነው» ብሎ ያስባል። አይደለም። ነፋስ የሚከልለው ነገር ሳያገኝ ረጅም ርቀት በውኃ ላይ ሲነፍስ ሞገዱ እያደገ ይሄዳል። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ ያ ሞገድ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። የውቅያኖስ ረጅም ሞገድ ጀልባን ቀስ አድርጎ ያነሣና ቀስ አድርጎ ያወርዳል። የጣና ሞገድ እንደዚያ ጊዜ አይሰጥም። አንዱን ሳትወጣ ሌላው ፊትህ ላይ ነው። ለመስጠም ደግሞ ሁለት ሜትር ውኃም ይበቃል።

ነፋሱም ቢሆን እንዲሁ በዘፈቀደ የሚነሣ አይደለም። በበጋ ሌሊት መሬቱ ከውኃው ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ሲነጋ ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቶ ይገኛል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ሲሞቅ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሣል። ቦታውን ሊይዝ ከሐይቁ ላይ ቀዝቃዛው አየር ይመጣል። ከረፋዱ በኋላ የሚጀምረው፣ ከሰዓት የሚበረታው ነፋስ ይህ ነው። በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ለተቀመጠችው ባሕር ዳር ይህ ነፋስ ከውኃው ወደ ከተማው ይነፍሳል። ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ማኪያቶ ለሚጠጣ ሰው ደስ የሚል አየር ነው። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ለሚመለስ ቀዛፊ ግን ፊት ለፊቱ የቆመ ግድግዳ ነው። ሁለቱም የሚቀበሉት ያንኑ አንድ ነፋስ ነው።

በክረምት ነገሩ ይብሳል። ደመናው ሲከብድ ከዝናቡ ቀድሞ የሚደርስ ቀዝቃዛና ድንገተኛ ነፋስ አለ። አቅጣጫው ከየት እንደሚሆን አይታወቅም። የተኛው ውኃ በደቂቃዎች ውስጥ ይገለበጣል። አበው «እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር በውኃ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 12 እንበለው። አንድ ጎበዝ ቀዛፊ በተኛ ውኃ ላይ በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። ንጋት ላይ ቢነሣ ገና ሐይቁ ሳይነቃ ከተማ ይደርሳል። ከሰዓት ሲመለስ ግን ነፋሱ በፊቱ ሆኖ ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንስበት ያው መንገድ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት የተነሣ ሰው ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ይደርሳል ማለት ነው፤ በጨለማ፣ ደክሞት፣ ልብሱ ረጥቦ። ሌላም ልብ በሉ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ጉልበት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ነፋሱ ትንሽ ጨመረ» የሚባል ነገር ሐይቁ ላይ የለም። ትንሽ ሲጨምር ክንድ የሚችለው ነገር ክንድ ወደማይችለው ይለወጣል።

በዚህ ላይ ታንኳዋ ራሷ ጠዋት የነበረችው አይደለችም። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ግማሽ ቀን ውኃ ላይ የዋለች ታንኳ ከጠዋቱ ትከብዳለች። ለዚህ ነው ቀዛፊዎች ከውኃ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሟት። ጭነቷን ያራገፈች ታንኳ ደግሞ ከውኃው በላይ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፤ ከፍ ያለ ነገርን ነፋስ ይወደዋል። ጠዋት በማገዶ ተጭና ረግታ የመጣችው ታንኳ ከሰዓት ባዶዋን ስትመለስ እንደ ቅጠል ትንገላታለች። ድካም፣ የረጠበ ደንገል፣ ባዶ ታንኳ፣ የፊት ነፋስ፤ አራቱም በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። ያ ሰዓት የፎቶው ሰዓት ነው።

«ታዲያ ታንኳዋ አይደለችም ወይ ጥፋተኛዋ?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለችም። ታንኳ ቀፎ የላትም። ውኃ ገብቶ የሚሞላት ጀልባ አይደለችም፤ የታሰረው ደንገል ራሱ ነው የሚንሳፈፈው። የእንጨት ወይም የፋይበር ጀልባ ውኃ ከሞላ ሊሰጥም ይችላል፤ ታንኳ ብትገለበጥም ውኃው ላይ ትቀራለች፣ ትያዛለች። ሰሪው በየዳርቻው ከሚበቅል ተክል፣ ያለ ሚስማር፣ በጥቂት ቀን ይሠራታል። ስታረጅ ወደ አፈር ትመለሳለች። የዓለም ሰው ይህን አይቶ ተደንቋል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የምትባለውን የደንገል መርከብ ሠርቶ ከሞሮኮ ወደ አትላንቲክ ሲወጣ ደንገሉ የታጨደው ከጣና ነበር። ሰሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። መርከቧ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጓዘች፤ በመጨረሻ ኋላዋ ጎብጦ ተበታተነች። ምክንያቱ ሲመረመር ደንገሉ አልነበረም። የጥንት ግብፃውያን የመርከቡን ኋላ ወጥሮ ለመያዝ ይጠቀሙበት የነበረው ገመድ ጥቅሙ ሳይታወቅ ቀርቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት «ራ 2» ተሠርታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች።

ይህን የማነሣው ለጉራ አይደለም። ትምህርቱ ግልጽ ስለሆነ ነው። ደንገሉ አትላንቲክን ይችላል። የሚበጥሰው የተረሳው ገመድ ነው። የጣና ቀዛፊ የተረሳ ገመድ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፦ ስለ ነፋሱ በሰዓቱ የሚደርስ ወሬ፣ ሲከፋ የሚወጣበት ዳርቻ፣ እና እስከ ማታ የማያስጠብቅ ገበያ።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልምጣ። «ቀዛፊው ሐይቁ ላይ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ነፋሱን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ምን ትንበያ ያስፈልገዋል?» የሚሉ አሉ። አክብሮት ይመስላል፤ ሲፈተሽ ግን ኃላፊነትን መሸሽ ነው። በእርግጥ ያውቃል። አንድ በዕድሜ የገፉ ቀዛፊ ዳር ተቀምጠን ሲያስረዱኝ «ነፋስ ሲመጣ ውኃው ቀድሞ ይጠቁራል» አሉኝ። ከሩቅ፣ በተኛው ውኃ ላይ ጥቁር መስመር ይታያል፤ ያ መስመር እየቀረበ ሲመጣ ነፋሱ ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ ጭነቱን ወደ መሃል ትሰበስባለህ፤ ዝቅ ትላለህ፤ አቀዛዘፍህን ታሳጥራለህ። አፍንጫዋን ወደ ሞገዱ ትመልሳለህ እንጂ ጎንህን አትሰጠውም። ይህ ዩኒቨርሲቲ የማያስተምረው እውቀት ነው።

«ከመጠቆሩ እስከ መድረሱ ምን ያህል ጊዜ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንደ ነፋሱ ነው፤ አንዳንዴ ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ያለው። ምልክቱ የሚሰጠው ጊዜ ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። መሻገሪያው ሦስት ሰዓት ነው። ዓይን የሚያየው ምልክት ሐይቁ መሃል ላለ ሰው መዘጋጃ ይሆነዋል እንጂ መመለሻ አይሆነውም። ከመነሣቱ በፊት ሊያውቅ የሚገባውን ነገር የሰው ዓይን ሊሰጠው አይችልም፤ ሳተላይት፣ መለኪያ ጣቢያና የትንበያ ባለሙያ ግን ይችላሉ። የቀዛፊውን እውቀት ማክበር ማለት እሱ ሊያየው የማይችለውን ጨምሮ መስጠት ነው። «አንተ ታውቃለህ» ብሎ ብቻውን መስደድ አይደለም።

ለመሆኑ ይህ የማይቻል ነገር ነው? ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ እንሂድ። በዓሣ አስጋሪዎቹ ሞት የታወቀ ሐይቅ ነው። እዚያ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅትና የአካባቢው አገሮች የሜትሮሎጂ ተቋማት ሆነው ለሐይቁ ብቻ የተዘጋጀ የነፋስና የሞገድ ትንበያ አስጀመሩ። ትንበያው በአካባቢው ቋንቋ፣ በሬዲዮና በስልክ፣ ዓሣ አስጋሪው በሚገባው ቃል እንዲደርስ ተደረገ። በዑጋንዳ መልእክቱ እንደ ትራፊክ መብራት በቀለም ነበር፦ አረንጓዴ ከሆነ ሂድ፣ ብርቱካናማ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ ቀይ ከሆነ እርምጃ ውሰድ። ዑጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ ይህን ያደረጉት ሀብታም አገሮች ስለሆኑ አይደለም። ዓሣ አስጋሪያቸውን እንደ ዜጋ ቆጥረው ነው።

እኛስ ምን ጎድሎን ነው? የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ባሕር ዳር ላይ የአገልግሎት ማዕከል አለው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በውኃ ሀብት ላይ የሚመራመሩ ምሁራን አሉት። ይልቁንም በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር ለዓለም መርከቦች መኮንኖችንና መሐንዲሶችን የሚያሠለጥን የማሪታይም አካዳሚ ተቋቁሟል። ልጆቻችን ባሕር ዳር ተምረው በህንድ ውቅያኖስና በአትላንቲክ ላይ ይሠራሉ፤ የነፋስ ካርታ ያነባሉ። ከአካዳሚው በስንት እርምጃ ርቀት ላይ ያለው ቀዛፊ ግን ሰማይ አንጋጦ ይገምታል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ሰምተን ነበር፤ የጣናን ልጅ ደግሞ የነፋስ ወሬ ጠማው።

የአየር ትንበያ በየማታው እንሰማለን። «ባሕር ዳር፣ ከፍተኛው ሙቀት ይህን ያህል፣ ዝቅተኛው ይህን ያህል።» ጥሩ ነው። ግን ሙቀት ለቀዛፊ ምን ያደርግለታል? እሱ የሚፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ነገ በጣና ደቡባዊ ክፍል እስከ አምስት ሰዓት ነፋሱ ቀላል ነው፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ከሰሜን ይበረታል፤ ወደ ዘጌና ደቅ የምትመለሱ ቀድማችሁ ተነሡ።» ይህን ለማንበብ የሬዲዮ ጣቢያ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም።

«ሁሉንም ሞተር ጀልባ እናድርጋቸው፤ ያኔ ያልቃል» የሚለውን ሐሳብም አልናቅሁትም። ሞተር ሦስት ሰዓቱን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ያወርደዋል፤ ነፋስ መሃል የመገኘት ዕድልን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኔዘርላንድ ድርጅት ድጋፍ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና ዓሣ አስጋሪዎች ሲመጣ ብዙ ነገር ተለውጧል። ግን ከዚያ ወዲህ እነሆ ዐሥርት ዓመታት አለፉ፤ ታንኳዋ አሁንም ሐይቁ ላይ አለች። ለምን? ሞተር ብር ይፈልጋል፤ ቤንዚን ይፈልጋል። ባሕር ዳር ውስጥ ባለ ባጃጅ ቤንዚን ፍለጋ ሌሊቱን ተሰልፎ ሲያድር እያያችሁ አንድ እስር ማገዶ የሚሸጥን ሰው «ሞተር ግዛ» ማለት ቀልድ ነው። ሞተር ያለውም ቢሆን ሐይቁ መሃል ሞተሩ ከጠፋበት ነፋሱ አይምረውም። እሱም ትንበያውን ይፈልጋል። ትንበያ የድሃውም የሀብታሙም ነው።

ትልልቅ መርከቦችንም አልቃወምም። በ2017 ዓ.ም «ጣና ነሽ 2» ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ተጭና፣ ተራራ ወጥታ ቁልቁለት ወርዳ ስትመጣ ሀገር በሙሉ በየቀኑ የት እንደደረሰች ይከታተል ነበር። እኔም ተከታትያለሁ፤ ደስ ብሎኛል። ግን ልብ በሉ፦ አንዲት መርከብ በየብስ ስትጓዝ ከተማ ከተማዋን፣ ኩርባ ኩርባዋን ያወቅንላትን ያህል፣ በዚያው ሐይቅ ላይ ማታ ላልተመለሰ አንድ ቀዛፊ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ሥርዓት የለንም። መርከቧ ከወደብ ወደ ወደብ ትሄዳለች። ከደብረ ማርያም ወደ ከተማ፣ ከትንሽ መንደር ወደ ትንሽ ገበያ የሚሻገረው ሰው ግን በታንኳው ይቀጥላል።

አሁን ወደ ዳርቻው እንምጣ፤ ምክንያቱም ነፋስ ሲነሣ ቀዛፊ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ የት ልውጣ?

ድሮ ዳርቻው ደንገል ነበር። የደንገል ጥሻ ለታንኳ ሰሪ ጥሬ ዕቃ፣ ለዓሣ መራቢያ፣ ለወፍ ማደሪያ ብቻ አይደለም። ሞገድ ይሰብራል። ነፋስ ያገኘው ቀዛፊ ጥሻው ውስጥ ገብቶ ነፋሱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ያ ጥሻ ዛሬ በብዙ ቦታ የለም። ሐይቁ ሲሸሽ የተገኘውን መሬት ማረስ፣ ባሕር ሸሽ የምንለው፣ ወስዶታል። ከብት ወስዶታል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እና 2012 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጥቶ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ዳርቻውን ያፍናል። እምቦጭ መሃል የገባ ታንኳ ወደፊትም ወደኋላም አይልም፤ መቅዘፊያው ይጠላለፋል። ጨራ ጨራ ላይ የሐይቁ መውጫ በበር ከተገደበ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮም የጣና በለስ ውኃ በዋሻ ከተወሰደ በኋላ የሐይቁ ከፍታ በተፈጥሮ ብቻ አይወሰንም። ውኃው ሲወርድ ትናንት የነበረ መውጫ ዛሬ ጭቃ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያደረገው ቀዛፊው አይደለም፤ የሚከፍለው ግን እሱ ነው።

በከተማው በኩልስ? ሐይቁ ዳር እየለማ ነው፤ የእግረኛ መንገድ፣ መዝናኛ፣ ሆቴል፣ አጥር። ልማቱን የሚጠላ ሰው የለም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ በእያንዳንዱ አዲስ ፕላን ላይ ታንኳ የሚወጣበት ቦታ ተሥሏል ወይ? ድንጋይ የተገነባ ግንብ ለእግረኛ ያምራል፤ ሞገድ እየገፋው ለመጣ ቀዛፊ ግን የሚላተምበት ግድግዳ ነው። ለታንኳ ዝቅ ያለ፣ ሣር ያለበት፣ ሰው ጎትቶ የሚያወጣበት አሥር ሜትር ይበቃታል። ይህን ሙያ ከጥንት ጀምሮ ይዞ የኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከዳርቻው እየተገፋ የኖረ ማኅበረሰብ መሆኑን የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። እጁ የሠራትን ታንኳ አርማ አድርገን፣ እሱን ከውኃው አርቀን፣ «ቅርሳችን» ስንል አፋችንን ሊይዘን በተገባ ነበር።

ወደ መጨረሻውና ከሁሉም ይልቅ ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፦ ገበያው። ቀዛፊው ጠዋት በተኛ ውኃ ይደርሳል። ማገዶውን፣ ዓሣውን፣ ፍሬውን ያወርዳል። ነጋዴውና ደላላው ያዩታል፤ ዋጋ ይነግሩታል፤ ዝቅ ያለ ነው። «እንቢ» ካለ ይተዉታል። ለምን ይቸኩላሉ? ነፋሱ የሚጠብቀው እሱን እንጂ እነሱን አይደለም። ሰዓቱ እየሄደ ሲመጣ፣ ሐይቁ ነጭ ነጭ ማለት ሲጀምር፣ ዋጋው ይወርዳል። እሱም ወይ በርካሽ ሸጦ ይሮጣል፣ ወይ እስኪሸጥለት ቆይቶ በነፋስ ይመለሳል። ከተማ እንዳያድር ማደሪያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዕቃውንም የሚያስቀምጥበት የለም። ነፋሱ በዚያ ገበያ ላይ ያልተመዘገበ ደላላ ነው። እኛ ደግሞ ርካሽ ማገዶና ርካሽ ዓሣ ገዝተን ከትርፉ ተካፋዮች ነን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አላነሣም።

1ኛ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ማታና ንጋት ላይ፣ ለጣና ብቻ የሚሆን የነፋስ ትንበያ ይነገር። ለሰሜኑ፣ ለምሥራቁና ለደቡቡ በየራሱ። በባሕር ዳር ኤፍ ኤም ይነበብ፤ በስልክ በጽሑፍና በድምፅ ይላክ። ስልክ ለሌለው ወይም ስልኩ ለረጠበበት ደግሞ በየመነሻው ባንዲራ ይሰቀል፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀይ የተሰቀለ ቀን የሚነሣ ቢኖር እንኳ አውቆ ይነሣል።

2ኛ፣ በከተማው ዳርቻና ወደ ዘጌ በሚወስደው መስመር ላይ የማይታጠሩ፣ የማይሸጡ፣ ግንብ የማይሠራባቸው የታንኳ መውጫዎች ይከለሉ። አጠገባቸው ደንገል ይተከል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ የገባ ሐይቅ ነው፤ ደንገል መትከል ለዚያም ክብር ይመጥናል።

3ኛ፣ መውጫው ላይ አንድ ጣሪያ ያለው መጋዘን ይሠራ። ያልሸጠ ሰው ዕቃውን አስቀምጦ በጊዜ ይመለስ፤ ወይም ነፋስ ሲከፋ እዚያው ይደር። ይህ ቤት የትንበያውን ያህል ሰው ያድናል። ቀይ ባንዲራ አይቶ «ታዲያ የት ልደር?» ለሚል ሰው መልስ የሌለው ማስጠንቀቂያ ስድብ ነውና።

4ኛ፣ ላይፍ ጃኬት በቅናሽ ይቅረብ። እስኪቀርብ ድረስ ግን፣ ይህን የምታነቡ የሐይቁ ዳር ልጆች፣ ለአባቶቻችሁና ለወንድሞቻችሁ ንገሩ፦ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ውኃ ውስጥ ያለን ሰው ራስ ከውኃ በላይ ለመያዝ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። በገመድ ከታንኳዋ ጋር ታስሮ ይሂድ። ታንኳዋ ከተገለበጠችም አትልቀቋት፤ ዳርቻው ቅርብ ቢመስልም በዋና እሄዳለሁ አትበሉ። በነፋስ ቀን ዳርቻ ሁልጊዜ ከሚመስለው ይርቃል።

5ኛ፣ ሐይቁ የወሰደው ሰው ይቆጠር። በምን ሰዓት፣ በየትኛው መስመር፣ በምን ዓይነት ጀልባ፣ በምን ነፋስ። የመኪና አደጋ በየሳምንቱ በቁጥር ይነገረናል። በውኃ የሞተ ሰው ከመኪና አደጋ ሟች ምን ያንሳል? ያልተቆጠረ ሞት በጀት አያገኝም።

«በዚህ ጊዜ፣ ክልሉ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ፣ ስለ ታንኳ ትጽፋለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ ስለ ታንኳ እጽፋለሁ። በግጭቱ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ሐይቁ መንገድ ይሆናል። ቱሪስት ሲጠፋ በሞተር ጀልባ ይሠራ የነበረው ወጣት ወደ መረብና ወደ መቅዘፊያ ይመለሳል። ኑሮ ሲከብድ ሰው ቀይ ባንዲራ የሚገባውን ቀን እንደ አረንጓዴ ይቆጥራል። ሰላም እስኪመጣ ነፋሱ አይጠብቅም፤ ትንበያ ማንበብም የሰላም ስምምነት አይጠይቅም።

ለሁለቱ ድምፆች የምለው ይህ ነው። «ታንኳ ይታገድ» የምትሉ፦ ታንኳን ስታግዱ የምታግዱት የሰውየውን እንጀራ ነው፤ ነፋሱ እንደሆነ አይታገድም። «ታንኳ ቅርስ ናት» የምትሉ፦ ቅርስነቷ የሚቀጥለው ቀዛፊው ቤቱ እስከገባ ድረስ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ፌስቲቫል የታንኳ ቀዘፋ ውድድር ከማዘጋጀታችሁ በፊት ለአሸናፊው ከዋንጫው ጋር አንድ ላይፍ ጃኬት ስጡት።

ለሜትሮሎጂ፣ ለማሪታይም፣ ለከተማ አስተዳደሩና ለሬዲዮ ጣቢያዎቻችን ደግሞ ጥያቄው ከአንድ መስመር አይበልጥም፦ ነገ ከሰዓት ጣና ላይ ነፋሱ ከየት ነው? መልሱን የምታውቁ እናንተ ናችሁ። የሚያስፈልገው ሰው ነገ ንጋት ላይ መቅዘፊያውን ይዞ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ንገሩት።

(ይህን ጽሑፍ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው አድርሱልኝ። ሐይቁ ዳር ያደጋችሁ፣ ነፋስ የሚታወቅባቸውን የአካባቢያችሁን ምልክቶች ከታች ጻፉልን፤ ለቀጣይ ጽሑፍ አሰባስባቸዋለሁ።)